ሕዝብ የወደደው ሹም ስለ ምን ይበላል? (ከሂዩይ ሎንግ ታሪክ)

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም። ተረቱ የሚናገረው ስለ ተራው ሹም ነው። ተራው ሹም ሥልጣኑ እንደማይቈይለት ያውቃል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው በልቶ እንደ ሄደ፥ ከእርሱም በኋላ የሚመጣው እንደሚበላ ያውቃል፤ ስለዚህ ወንበሩ ሳይወሰድበት ይቸኩላል። ይህን ሰው መረዳት አያስቸግርም። የሚነዱት ስስትና ፍርሀት ናቸው። ሕዝቡ አይወደውም፤ እርሱም ሕዝቡን አይወድም።

ነገር ግን ታሪክ ስንማር ከዚህ ተረት ጋራ የማይስማማ ሌላ ዐይነት ሰው እናገኛለን። ይኸውም ሕዝብ ከልቡ የወደደው፥ ለድኻውም በእውነት የሠራ፥ ሆኖም የመንግሥትን ገንዘብና ሥልጣን እንደ ግል ዕቃው የቈጠረ ሰው ነው። የእንዲህ ያለው ሰው ስም ሲነሣ አድማጮች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ «ፍቅሩ ሁሉ ማታለያ ነበረ፤ ከመጀመሪያውም ሌባ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ስርቆቱ ሁሉ የጠላት ወሬ ነው፤ ለድኻ የሚያዝን ሰው አይሰርቅም» ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም አባባሎች ከጥያቄው መሸሻ ይመስሉናል። ለድኻ ማዘንና የሕዝብን ገንዘብ መውሰድ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሳይጣሉ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ እንዲያውም አንዱ ለሌላው በር ይከፍትለታል።

ይህን ለማስረዳት በአሜሪካ የተባበሩ መንግሥታት የሉዊዚያናን ግዛት ያስተዳደረውን የሂዩይ ሎንግን ታሪክ መርጠናል። የመረጥነውም በጎ ሥራውም ጥፋቱም ከተማሪ ቤት ደጃፍ የደረሰ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሉዊዚያና ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባባት ደቡባዊት ግዛት ናት። መሬቷ ጥጥ፥ ሸንኰራ አገዳና ሩዝ ያበቅላል፤ ከ1901 ጀምሮም ነዳጅ ዘይት ተገኝቶባታል። ይህ ሁሉ ሀብት ግን የጥቂቶች ነበረ። የሰፋፊ እርሻ ጌቶች፥ የኒው ኦርሊየንስ ከተማ የፖለቲካ ማኅበርተኞች፥ በባቶን ሩዥ ታላቅ የዘይት ማጣሪያ የነበረው የስታንዳርድ ኦይል ኩባንያም እርስ በርሳቸው ተስማምተው ይኖሩባት ነበር። በ1928 በግዛቲቱ ውስጥ በደንብ የተነጠፈው መንገድ ሁሉ ተደምሮ 300 ማይል ያህል ቢሆን ነው፤ የቀረው በዝናም ጊዜ ጋሪ የሚውጥ ጭቃ ነበረ። የገበሬ ልጅ የትምህርት መጽሐፉን አባቱ ካልገዛለት ከትምህርት ይቀራል። ጥቁሮቹን በ1898 የወጣው ሕገ መንግሥት ከምርጫ አስወጥቶአቸው ነበር፤ ድኻው ነጭም ድምፁን ለመስጠት አስቀድሞ ግብር መክፈል ስለ ነበረበት ብዙው ሰው ሳይመርጥ ይቀር ነበር። ከሎንግ በፊት ያስተዳድሩ የነበሩት ሰዎችም ንጹሓን ነበሩ ለማለት አይቻልም። እነዚያ የሚበሉት በጸጥታና በጨዋ ደንብ ነበረ እንጂ፥ አልበሉም አይባልም።

ሂዩይ ሎንግ በ1893 በሰሜን ሉዊዚያና በዊንፊልድ ተወለደ። በወጣትነቱ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ እየዞረ የማብሰያ ስብ ይሸጥ ነበር፤ ሚስቱንም ያገኛት ይኸው ስብ እንዲታወቅ በተደረገ የኬክ ውድድር ላይ ነው። ሻጭ የነበረ ሰው የሰውን ፊት ማንበብ ያውቃል፤ በኋላ በፖለቲካ የሠራበት ዕውቀት ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ከዚህ የተገኘ ይመስለናል። በቱሌን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ሕግ ተምሮ በ1915 ፈተናውን አልፎ ጠበቃ ሆነ። በ1918፥ ገና በ25 ዓመቱ፥ የባቡርና የመሳሰሉትን አገልግሎቶች ዋጋ በሚቈጣጠረው ኮሚሲዮን ተመረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሎንግ በአንዳንድ ትናንሽ የዘይት ኩባንያዎች ውስጥ አክሲዮን ነበረው። ስታንዳርድ ኦይል የትናንሾቹን ዘይት አልቀበልም ባለ ጊዜ የሎንግ አክሲዮን የማይረባ ወረቀት ሆነ። ከዚያ ጀምሮ ሎንግ ኩባንያውን በየስብሰባው ይወቅሰው ነበር። የሚናገረው ነገር ትክክል ነበረ፤ ኩባንያው በእርግጥ ደካሞችን ይጨቍን ነበርና። ሆኖም በዚህ በትክክለኛ ነገር ውስጥ የራሱ ቂም ተቀላቅሎ ነበር። የሕዝቡ ጠላትና የእርሱ ጠላት አንድ በመሆናቸው፥ የቱ ቍጣ የሕዝብ የቱ ቍጣ የራሱ እንደ ሆነ መለየት አላስፈለገውም። ሰው የራሱን ጉዳይ ከሕዝብ ጉዳይ ጋራ ማደባለቅ የሚጀምረው በሌብነት ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለ ሁኔታ፥ በመልካም ክርክር ውስጥም ይጀምራል።

በ1924 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ። በ1928 ግን ሰው ሁሉ ንጉሥ እንደ ሆነ የሚናገር መፈክር ይዞ በየጭቃው መንደር እየዞረ አሸነፈ፤ ሥልጣን ሲይዝ 34 ዓመቱ ነበረ። ከሠራቸው ሥራዎች የመጀመሪያው ከነዳጅና ከሌላው የመሬት ሀብት በሚገኝ ቀረጥ ለትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ መጽሐፍ በነፃ ማደል ነው። ሕጉ የመንግሥትንና የቤተ ክርስቲያንን ተማሪ አልለየም፤ መጽሐፉ የሚሰጠው ለልጁ ነው እንጂ ለትምህርት ቤቱ አይደለም ተባለ። ነገሩ በሙግት እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1930 ሕጉ ጸና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግነው ለእኛ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም። ለጥቁር ልጆችም መጽሐፍ ደረሳቸው፤ ትምህርት ቤቶቻቸው ግን የተለዩና የተናቁ እንደ ሆኑ ቀሩ፤ ይህን ሎንግ አልነካውም።

በመጽሐፉ ነገር የተደረገ አንድ ታሪክ አለ። የሽሪቭፖርት ከተማ ያለችበት አውራጃ ሹማምንት «እኛ ባለጠጎች ነን፤ ምጽዋት አንቀበልም» ብለው መጽሐፉን አንወስድም አሉ። በዚያው ወራት ከተማዪቱ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራላት ትመኝ ነበርና ለዚህ የሚሆን የመሬት ፈቃድ ከመንግሥት ያስፈልጋት ነበር። ሎንግም መጽሐፉን ካልተቀበላችሁ ፈቃዱን አልፈርምም አላቸው። ተቀበሉ። ይህን ስናነብ በክፍላችን ብዙዎቻችን ስቀናል፥ በልባችንም አጨብጭበንለታል። ለልጆች መጽሐፍ ለማስገባት የተደረገ ማስገደድ ማንን ያስከፋል? ሎንግም ከዚህ የተማረው ነገር ይኸው ነው፤ በመልካም ነገር ላይ የሚቈሙትን ሰዎች ጕሮሮ ይዞ ማስተፋት እንደሚቻል፥ ሕዝቡም ለዚህ እንደሚያመሰግነው ተማረ። የሚቈመው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መጥፎ ሰው ነው ብሎ ማመን ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነለት።

በ1929 የጸደይ ወራት በሚጣራው ዘይት ላይ በበርሚል 5 ሳንቲም ቀረጥ ልጣል ባለ ጊዜ ትልቅ ጠብ ተነሣ። የግዛቲቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሎንግ ከሥልጣን እንዲሻር ክስ አቀረበ። ከክሶቹም መካከል የምክር ቤት አባሎችን በጉቦ ሊገዛ ሞክሮአል፥ የመንግሥትን ገንዘብም ያለ አግባብ አውጥቶአል የሚሉ ነበሩበት። የክሱን እውነትነት መርምሮ የሚፈርደው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ነው። አባሎቹ 39 ናቸው፤ ለመሻር ከሦስቱ ሁለት እጅ፥ ማለትም 26 ድምፅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሎንግን ለማዳን 14 ሰው ይበቃል ማለት ነው። ሎንግ 15 ሰዎችን አስፈረመ። የፈረሙበትም ወረቀት ምስክሩ ምንም ቢሆን በእርሱ ላይ እንደማይፈርዱ የሚናገር ነበረ። ክሱም ሳይመረመር ፈረሰ። ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ በኋላ ሥራና ልዩ ልዩ ጥቅም አገኙ።

የሎንግን ሕይወት የጻፉ ብዙ ሰዎች ከዚህ ቀን በኋላ ሌላ ሰው እንደ ሆነ ይናገራሉ። እኛ ግን ሌላ ሰው ሆነ ማለት አያስደስተንም፤ ቀድሞ በልቡ የነበረው በዚህ ቀን ፈቃድ አገኘ ብንል የተሻለ ነው። ተከሳሹ ራሱን ይመረምር ዘንድ ክስ ጥሩ አጋጣሚ ነበረ፤ ነገር ግን ከሳሾቹ በእውነት የዘይቱ ኩባንያ ወዳጆች ነበሩና ሎንግ ምርመራውን ወደ ራሱ ሳይሆን ወደ እነርሱ መለሰው። የከሰሰኝ የድኻው ጠላት ከሆነ፥ ክሱ ውሸት ነው፤ ውሸት ባይሆንም እንኳ መልስ አይገባውም ብሎ አሰበ። የክፉ ጠላት መኖር ለተወደደ መሪ እንዴት ያለ ትልቅ መደበቂያ ነው! ጠላት የሌለው ሹም ጥፋቱን የሚያላክክበት የለውም፤ ባለጠጋና ጨካኝ ጠላት ያለው ሹም ግን ስለ ራሱ መልስ መስጠት አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር የተቀናሽ ሣጥን ነው። በሉዊዚያና መንግሥት የሚሠራ ሰው፥ ጸሓፊም ቢሆን የመንገድ ሠራተኛም ቢሆን፥ ከደመወዙ ከመቶ አምስት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዐሥር ድረስ ለሎንግ ወገን ይከፍላል። ገንዘቡ በጥሬው ይሰበሰባል፤ መዝገብ የለውም፤ በሣጥን ይቈለፋል። ጠባቂው የኒው ኦርሊየንሱ የሩዝቬልት ሆቴል አስተዳዳሪ የነበረው ሲይሞር ዋይስ ነው። ከተሿሚዎቹም ብዙዎቹ ቀኑ ያልተጻፈበት የመሰናበቻ ማመልከቻ አስቀድመው ይፈርሙ ነበር፤ ካልታዘዙ ቀን መጻፍ ብቻ ይበቃል።

የሚያስደንቀው የሣጥኑ መኖር አይደለም፤ ያልተደበቀ መሆኑ ነው። ተራው ሹም ጉቦውን በጨለማ ይቀበላል፥ ምክንያቱም ያፍራል። ሎንግና ወዳጆቹ አላፈሩም። ክርክራቸውም እንዲህ ነበረ፤ ሌሎቹ ፖለቲከኞች የምርጫ ወጪያቸውን ከኩባንያዎች ይቀበላሉ፥ በኋላም ለኩባንያዎቹ ይገዛሉ፤ እኛ ግን ከራሳችን ሰዎች እንሰበስባለን፥ ለማንም አንገዛም። ክርክሩ ሲሰማ ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ከመንገድ ሠራተኛው ደመወዝ የሚቀነሰው ዶላር በመጀመሪያ ከሕዝብ ግምጃ ቤት የወጣ ነው፤ ሠራተኛውም አልሰጥም ለማለት አይችልም። ሎንግ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሊቅ ጠበቃ ነበረ። ያላየው ነገር የሕዝብ ግምጃ ቤትና የእርሱ ሣጥን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። እኔ የሕዝቡ ነኝ ከማለት ሕዝቡ የእኔ ነው ወደ ማለት የሚያሻግረው ድልድይ በጣም አጭር ነው፤ የሚሻገረውም ሰው እግሩ ሲያልፍ አያስታውቀውም።

እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ሎርድ አክተን በ1887 በጻፈው ደብዳቤ ሥልጣን ሰውን ወደ ማበላሸት እንደሚያዘነብል ተናግሮአል፤ ይህም አባባል በየክፍሉ ይጠቀሳል። እውነት ነው፤ ግን እንዴት እንደሚያበላሽ አይነግረንም። የዘመናችን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከደረሱበት ነገር አንዱ በዚህ ይረዳናል፤ ይኸውም መልካም ሥራ የሠራ ሰው፥ ሥራውን እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ቈጥሮ፥ በኋላ ለሚያደርገው ጥፋት ከእርሱ ላይ ለራሱ ይከፍላል የሚለው ነው። ሰውየው በልቡ ውስጥ የሒሳብ መዝገብ አለው። በአንዱ ገጽ መጽሐፉ፥ መንገዱ፥ ድልድዩ ተጽፎአል፤ በሌላው ገጽ ትንሽ ተቀናሽ፥ ትንሽ ማስፈራራት ቢጻፍበት ምን ይሆናል? ብድሩ አሁንም የሕዝቡ ነው፤ እኔ ያበደርሁት ይበልጣል ይላል። እንግዲህ ብዙ በጎ ሥራ የሠራው ሰው ብዙ ለማጥፋት የሚያስችል ገንዘብ በልቡ አለው ማለት ነው። ምንም ያልሠራው ሹም ይህን ሒሳብ ሊሠራ አይችልም፤ እርሱን የሚያቈመው ኅፍረት አለውና።

በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈውን የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። ነቢዩ ናታን መጥቶ የድኻውን አንዲት በግ ስለ ወሰደው ባለጠጋ በነገረው ጊዜ ዳዊት ተቈጣ፤ በቍጣውም ውስጥ ምንም ግብዝነት አልነበረበትም። ለድኻው ከልቡ አዝኖ ነበር፤ ያዘነው ግን ራሱ ለበደለው ሰው እንደ ሆነ አላወቀም። በሎንግም ዙሪያ ብዙ ሰው ነበረ፤ ናታን ግን አልነበረም፤ ቢኖርም የተቃዋሚ ወገን ነው ተብሎ ይባረር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ኧርልና ታላቅ ወንድሙ ጁሊየስ እንኳ ተጣልተውት በ1933 በሴኔት ምርመራ ላይ መስክረውበታል።

በሉዊዚያና ሕግ አገረ ገዥ ተከታትሎ ሁለተኛ ሊመረጥ አይችልም ነበር። ሎንግ ግን በ1930 ለዋሽንግተኑ ሴኔት ተመርጦ፥ ምክትሉ ቦታውን እንዳይወስድበት እስከ ጥር 1932 ወንበሩን ሳይዝ ቈየ፤ ከዚያም የልጅነት ወዳጁን ኦስካር አለንን በአገረ ገዥነት አስቀምጦ ከሩቅ ያዘው ነበር። ስለ አለን እንዲህ እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ አንድ ቀን ቅጠል በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ቢያርፍ አለን ትእዛዝ መስሎት ፈረመበት።

በጎው ሥራ አልቆመም፤ ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው። ሎንግ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ የተነጠፈው መንገድ ከ2,000 ማይል አለፈ። በማታ ትምህርት ቤት ከ100,000 በላይ ጐልማሶች ማንበብና መጻፍ ተማሩ። የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ ከትንሽ ኮሌጅነት ወጥቶ ታወቀ፤ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1931 ተከፈተለት። በ1934 የምርጫው ግብር ተሻረ። በባቶን ሩዥም 34 ፎቅ ያለው የመንግሥት ሕንፃ በ1932 ተመረቀ። ነገር ግን በዚያው በ1934 «ዊን ኦር ሉዝ»፥ ማለትም «ማግኘት ወይም ማጣት» የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ይህ ኩባንያ ዘይት ያለበትን የመንግሥት መሬት አገረ ገዥ አለን እየፈረመለት ይወስድና መብቱን ለዘይት ኩባንያዎች ይሸጥ ነበር፤ ሎንግም ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ ነበረ። አንባቢ የስታንዳርድ ኦይልን ነገር ያስታውስ። የዘይት ኩባንያዎች የሕዝቡን መሬት ይበላሉ ብሎ የተነሣው ሰው የሕዝቡን መሬት ለዘይት ኩባንያዎች ሸጦ ትርፉን ተካፈለ። በዚህ ጊዜ እንኳ ጠላቶቹን ጠላቶቼ ማለቱን አልተወም፤ ውሸቱንም አላወቀውም ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ጋዜጦችም ተቃወሙት። እርሱም በዚያው ዓመት ከ20,000 በላይ ቅጂ በሚሸጡት ላይ ከማስታወቂያ ገቢያቸው ከመቶ ሁለት የሚወስድ ቀረጥ ጣለ፤ ትልልቆቹ ጋዜጦች ተቃዋሚዎቹ ነበሩና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረጡን በ1936 ሻረው።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ እንመለስ። ሎንግ ዩኒቨርሲቲውን እንደ ልጁ ይወድ ነበር፤ በሙዚቃ ጓዱ ፊት እየዘመተ ይሰለፋል፥ በእግር ኳስ ቡድኑ ሥራ እንኳ ይገባ ነበር። በኅዳር 1934 ዝነኛ የሆነውን የቡድኑን ተጫዋች የምክር ቤት አባል አደርገዋለሁ ብሎ አስነገረ። ልጁ ግን ገና ተማሪ ነው። አንድ ተማሪ ይህ በሕግና በምክር ቤት ላይ መቀለድ ነው ብሎ «ሬቬይ» ለተባለው ለተማሪዎቹ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ጋዜጣው በመታተም ላይ ሳለ ሎንግ ሰማ፤ ማተሚያውም እንዲቆም፥ ደብዳቤውም እንዲወጣ አዘዘ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጄምስ መንሮ ስሚዝ ታዘዘ፤ ከዚያ ወዲያም ጋዜጣው ሳይመረመር እንዳይወጣ አደረገ። ተማሪዎቹ ይህን አንቀበልም አሉ፤ ሰባቱ ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፥ ትምህርታቸውንም በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ጨረሱ።

በዚህ ነገር ላይ በክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን «ሕፃናቱ ሁሉ መጽሐፍ አግኝተው አንድ ደብዳቤ ቢቀር ምናለበት?» ያሉ ነበሩ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም፤ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ጋዜጣ አያነብም። ነገር ግን ሎንግ መጽሐፉን የሰጠው ልጆች እንዲያነቡ ነው፤ ያነበበ ልጅ ደግሞ ማሰቡ፥ ያሰበም መጻፉ አይቀርም። ሎንግ የመጀመሪያውን ከልቡ ፈልጎ ሁለተኛውን እንደ ምስጋና ቢስነት ቈጠረው። የሰጠ እጅ ነው የቈረጠው፤ ሁለት እጅ አልነበረም። የሕዝብ ሀብት ለሕዝብ ሲመለስ የአገረ ገዥው ስጦታ መስሎ ከታየ፥ ተቀባዩ ባለ ዕዳ ይሆናል፤ ባለ ዕዳም ደብዳቤ ሲጽፍ ይጠየቃል። እኛ የሎንግን ጥፋት ከገንዘቡ ይልቅ በዚህ እናየዋለን። ገንዘቡን የወሰደው፥ ቀድሞ በልቡ ሁሉን ነገር የራሱ ስጦታ ስላደረገው ነው።

ስለ ሕዝቡም ጥቂት መናገር ይገባል፤ የተወደደ መሪ ብቻውን አይበላሽምና። የሉዊዚያና ገበሬ ስለ ተቀናሹ ሣጥን አልሰማም ማለት አይቻልም፤ ጋዜጦቹ ጽፈውታል። ግን ያው ጋዜጣ የትናንት ጌቶቹ ጋዜጣ ነበረ። ገበሬው አባቱም እርሱም ሲመርጡ በነበሩበት ዘመን ሁሉም ይበላ ነበር፥ ለእርሱ ግን አንድ ክንድ መንገድ የሠራለት አልነበረም። አሁን የሚበላ ሰው መጣ፤ መንገድ ግን ሠራ። እንግዲህ ለዚህ ገበሬ ምን ይባለዋል? «ይብላ፥ ብቻ ይሥራ» አለ። ይህን በማለቱ ሞኝ አልነበረም፤ ያለው ምርጫ ይኸው ነበረ። ነገር ግን ይህ ይቅርታ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ለሎንግ እንደ ፈቃድ ደረሰው። ድምፅ በሰጡት ቍጥር፥ እጃቸውን ሊነኩት በተጋፉ ቍጥር፥ የሣጥኑ ነገር በሕዝብ የጸደቀ ሆኖ ታየው።

በየካቲት 1934 በራዲዮ ተናግሮ ሀብት ለሁሉ ይካፈል የሚል ማኅበር አቋቋመ፤ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ 5,000 ዶላር የሚያህል ንብረት እንዲኖረው ይገባል አለ። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ነበርና ደብዳቤ በከረጢት ይጐርፍለት ጀመር፤ ቀድሞ ደግፎት የነበረውን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትንም ሊወዳደረው አሰበ። የግምጃ ቤቱ መርማሪዎች በበኩላቸው የሎንግን ሰዎች የገቢ ግብር ይመረምሩ ነበር፤ በ1935 ከወገኖቹ አንዱ ተፈርዶበታል።

መስከረም 8 ቀን 1935፥ በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜ 3 ቀን 1927 ዓ.ም.፥ እሑድ ማታ፥ ሎንግ ራሱ ባሠራው በ34 ፎቁ ሕንፃ ውስጥ በጥይት ተመታ። በዚያ ሰሞን ለምክር ቤት ካቀረባቸው ሕጎች አንዱ ተቃዋሚው የነበረውን ዳኛ ፔቪን በአውራጃ ድንበር ለውጥ ከወንበሩ የሚያስወጣ ነበረ። ተኳሹ የዳኛው ልጅ ባል የሆነው ካርል ዋይስ የሚባል የ28 ዓመት ሐኪም ነው ተባለ፤ የሣጥኑ ጠባቂ ዋይስ ዘመድ አይደለም። ጠባቂዎቹ ሐኪሙን በዚያው ገደሉት። የሐኪሙ ቤተ ዘመድ እስከ ብዙ ዓመት ድረስ ልጃችን አልገደለም ብለው ተከራክረዋል። ሎንግ ከሁለት ቀን በኋላ በ42 ዓመቱ ሞተ፤ በሕንፃውም ፊት ሲቀበር ከ100,000 የሚበልጥ ሰው መጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ በማታለል የተሰበሰበ አይደለም፤ ያለቀሰውም ከልቡ ነው።

የተቀናሹ ሣጥን ከዚያ በኋላ አልተገኘም። ሎንግ ራሱ ሳይሞት በፊት ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮት ነበር ይባላል።

ወራሾቹ ግን ተገኙ። በጥር 1936 የሎንግ ወገን በስሙ ተወዳድሮ በብዙ ድምፅ አሸነፈ፤ ሪቻርድ ሌሽ አገረ ገዥ ሆነ። ሌሽ ስለ ድኻ ብዙ አልደከመም፤ ሹመት ስቀበል ድኻ እሆናለሁ ብዬ አልማልሁም ብሎ ቀልዶአል ይባላል። ሎንግ ያዘጋጀውን መሣሪያ ሁሉ፥ ሣጥኑንም ዝምታውንም፥ ያለ ሎንግ ፍቅርና ያለ ሎንግ ሥራ ወረሰው። በሰኔ 1939 ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ሌሽ ሥልጣኑን ለቀቀ፥ በሚቀጥለውም ዓመት ተፈረደበት። የሣጥኑ ጠባቂ ሲይሞር ዋይስም ታሰረ። በዩኒቨርሲቲው ስም ገንዘብ ተበድሮ በስንዴ ገበያ ሲነግድበት የከሠረ አንድ ሰው ደግሞ ወደ ካናዳ ሸሽቶ ሳለ ተይዞ ተመለሰና ወደ እስር ቤት ገባ። ይህም ሰው ከአምስት ዓመት በፊት የተማሪዎቹን ማተሚያ ያስቆመው ፕሬዚዳንት ጄምስ መንሮ ስሚዝ ነበረ።